መኪናዋ ምንም የለባትም

ለመጀመር ያህል ጥፋቴን ልናዘዝ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጅ አድርሻለሁ፣ ሲበርድ ግራ ጉልበቴን ያመኛል። ይህ ሁሉ እያለ ባለፈው ዓመት ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ ስትነሳ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ የምታስጮህ የስፖርት መኪና ገዛሁ። ለምን ገዛህ የሚለኝ ሰው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዕድሜ ነገር ነው፣ ፀጉሬ ሲሳሳ ጊዜ ነው እንድለው ይጠብቃል። አይደለም። እኔ ያቺን መኪና የገዛሁት በሻንጣ ምክንያት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳላስ በመጣሁ በዓመቱ ታክሲ ያዝኩና አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ኤርፖርት በር ላይ የሰው ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ ኖርኩ። ስለ ሻንጣ የማላውቀው ነገር የለም። ባለቤቱ "ቀላል ናት" ያላት ሻንጣ ወገብ እንደምትቀጭ፣ እጀታዋ በፕላስተር የታሰረች ሻንጣ ሁልጊዜ የምትበጠሰው በእኔ እጅ እንደሆነ አውቃለሁ። አሁን ኧርቪንግ ውስጥ አንድ ሆቴል የሹፌሮችን ፕሮግራም የማወጣ የቢሮ ሰው ሆኛለሁ። ታዲያ ያቺን መኪና ፕሌኖ ባለው የመኪና መሸጫ፣ ዲለር በሚሉት፣ ያየኋት ቀን፣ ሻጩ ስለ ሞተሯ ጉልበት ሲያስረዳኝ እኔ ፖርታ ባጋልዮዋን ከፍቼ እያየሁ ነበር። አንድ የእጅ ቦርሳና ግፋ ቢል አንድ ጥንድ ጫማ ብትይዝ ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰው "እባክህ ከኤርፖርት ተቀበልልኝ" ሊለኝ አይችልም ብዬ አሰብኩና ፈረምኩ።

ባለቤቴ ሰናይት ኢመርጀንሲ የምትሠራ ነርስ ናት። ቤድፎርድ ቤታችን ደጃፍ አምጥቼ ሳቆማት ወጣች፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞረቻትና፣ "ግማሹን መቼ ነው የሚያመጡልህ?" አለችኝ። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣትም። አሥራ ሰባት ዓመት ታክሲ ላይ ስሠራ ያየች ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ለራሴ ብዬ የገዛሁትን ነገር ልትነቅፍብኝ አልፈለገችም። "ኦኬ፣ አንተን ደስ ካለህ እኔንም ደስ ይለኛል። ብቻ ኋላ ቆጨኝ እንዳትል" አለችኝ። እኔም እንዴት ተደርጎ አልኩ።

ሁለት ወር ጥሩ ሄደ። በሦስተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ፣ 183 የሚባለው ሀይዌይ ላይ በመካከለኛው መስመር በሰባ ማይል እየሄድኩ፣ ነዳጅ መስጫውን ብረግጠው መልስ የለም። ሞተሩ አልጠፋም፣ መብራቱ አልጠፋም፣ ሬዲዮው ይዘፍናል። መኪናዋ ብቻ የመሄድ ፍላጎት አጣች። ከሰባ ወደ ሃያ አምስት ማይል ስትወርድ ከኋላዬ አንድ ባለ አሥራ ስምንት ጎማ የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ መጣ፤ በመስታወት ያየሁት የፊቱን ብረት ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተሩ ጉልበት ቀንሷል የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ይህን ያህሉን እኔም ደርሼበት ነበር። እንደምንም ፍሬቻ አብርቼ ዳር ያዝኩ፣ አጠፋኋት፣ መልሼ አስነሳኋት። ጽሑፉ የለም፣ መኪናዋ ደህና ናት፣ ቀጥ ብላ ቤት ገባች።

በማግሥቱ ዲለሩ ጋ ወሰድኳት። መኪና የምትቀበለው ኬይላ የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ስሜን አስተካክላ ለመጥራት አምስት ጊዜ የሞከረች በዚያ ሕንፃ ውስጥ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት፤ በአምስተኛውም አልሆነላትም፣ ግን መሞከሯ ልቤን በላው። ያልኳትን ሁሉ ጻፈች። አራት ቀን አቆዩና መኪናዋን ከአንድ ወረቀት ጋር መለሱልኝ። በወረቀቱ ላይ ያለው ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ "ደንበኛው አለ ያለው ችግር አልታየም፤ መኪናዋ ምንም የለባትም" ይላል። "አለ ያለው" የሚለውን ሁለቴ አነበብኩት።

ከዚያ ኬይላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ መጠይቁ ነገረችኝ። ስልክህ ላይ ከአሥር ስንት ትሰጠናለህ የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ እዚህ ቤት የሚቆጠረው አሥር ብቻ ነው፣ ዘጠኝ ከሰጠኸኝ ዜሮ እንደ ሰጠኸኝ ነው፣ አለቃዬ ቢሮ ያስጠራኛል፣ ደግሞ ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድገው አለችኝ። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ከአሥር ዘጠኝ ያመጣ ልጅ ሰልፍ ላይ ይጨበጨብለት ነበር። ግን ልጇን አንስታብኛለች። የልጅ ስም ተነስቶበት ዘጠኝ የሚሰጥ የእኛ አገር ሰው ካለ እሱ እዚህ ተወልዶ ያደገ መሆን አለበት። ቤቴ ገብቼ አሥር ሰጠሁ። ከሥሩ "አስተያየት ካለዎት" የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ባዶውን ጥሎ መሄድ ነውር መሰለኝና "በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ያክብራቸው" ብዬ ጻፍኩበት።

በአሥረኛው ቀን 183 ላይ ያንኑ ደገመችኝ።

ላሳጥርላችሁ። በስምንት ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ወሰድኳት፣ ስድስት ጊዜ ምንም የለባትም ተባልኩ፣ ስድስት ጊዜ አሥር ሰጠሁ። ይባስ ብሎ ምስጋናዬ በየዙሩ እየጨመረ ሄደ። ባለፈው "በጣም ጥሩ" ብዬ አሁን "ጥሩ" ብል ምን አጥፍተን ነው የቀነሰብን ይላሉ ብዬ እጨነቃለሁ። በሦስተኛው ዙር "እንደ ቤተሰቤ ናቸው" አልኩ። አራተኛው ዙር የዋለው በፋሲካ ማግሥት ስለነበር፣ ሰው ቤት በበዓል ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። መካኒኮቹ ሳይቀሩ እጃቸውን ጠርገው መጥተው ቆረሱ፤ ኬይላ ዳቦውን ይዤ ፎቶ አነሳችኝ። በአምስተኛው ዙር ስሄድ ያ ፎቶ በትልቁ ታጥቦ፣ መቀበያው ግድግዳ ላይ "የወሩ ደንበኛችን" ከሚል ጽሑፍ ሥር ተሰቅሏል። ጥርሴ በሙሉ ይታያል። እኔ ደግሞ እዚያው ፎቶዬ ሥር ቆሜ መኪናዬ አንድ ቀን ልትገድለኝ ነው እያልኩ አመለክታለሁ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ግድግዳውንም እኔንም ያያሉ።

የሻንጣውም ነገር እንዳሰብኩት አልሆነም። መኪናዬ እነሱ ጋ በቆየች ቁጥር በምትኩ የሚሰጡኝ ሰባት ሰው የሚይዝ፣ ኋላው መጋዘን የሚያክል መኪና ነው። ይህን ወሬ ጓደኛዬ ጌታሁን እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም፤ እሱ ግን የሚመጡ ዘመዶች አሉት። ዲቪ የደረሳት እህቱ ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር የገባችው በሁለተኛው ዙር ነው። የሚስቱ አጎት በአራተኛው ዙር ገባ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጌታሁን ደውሎ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ "ሶ፣ መኪናህ መቼ ነው የምትበላሸው? ቲኬት ልንቆርጥላቸው ነው" አለኝ። አሥራ አንድ ሻንጣ አወረድኩ።

ይህ ሁሉ ቀልድ ይመስላል፤ ቀልድ ያልሆነው ነገር ሰናይት አለማመኗ ነው። ያቺ መኪና እሷ የተቀመጠችባት ቀን እንከን አይገኝባትም። አንድ ቅዳሜ፣ "እሺ፣ ዛሬ ሙሉ ቀን አብሬህ እውላለሁ" ብላ ማስታወሻ ደብተር ይዛ ገባች። ከቤድፎርድ እስከ ፕሌኖ፣ ከፕሌኖ እስከ ኧርቪንግ፣ በሙቀትም፣ በትራፊክም፣ በባዶ መንገድም ነዳሁ። መኪናዋ የቄስ ተማሪ ሆነች። ማታ ሰናይት ደብተሯን ከፍታ ያየችውን በሰዓት በሰዓቱ አነበበችልኝ፤ ምንም፣ ምንም፣ ምንም። ከዚያ ደብተሩን ዘግታ፣ "ክንድህን ስጠኝ" አለችና ፕሬዠሬን ለካችኝ። እሱ ከፍ ብሎ ተገኘ። መኪናዋ ደህና፣ እኔ በሽተኛ ሆንኩ።

የሙያዋ ነገር ነው፣ አልፈርድባትም። ሥራ ቦታዋ የሚመጣው ሰው ሁሉ አመመኝ ይላል፤ እውነቱን የምታውቀው ከምርመራው ነው። እኔን ግን የጎዳኝ ሌላ ነው። በስድስተኛው ዙር ወረቀቱን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ሳታነሳው ከላይ አየችውና፣ "ማለቴ፣ ከቆጨህ ቆጨኝ በል እንጂ። ምንም አልልህም እኮ። ሰበብ ለምን ትፈልጋለህ?" አለችኝ። በቁጣ አይደለም፤ በዚያ ለበሽተኛ በምታወራበት ለስላሳ ድምፅ ነው። ሃያ አራት ዓመት በትዳር ስንኖር ዋሽቻት አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ትጠገን አትጠገን ጉዳዬ አልነበረም፤ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፣ ይቺ ሴት እንድታምነኝ።

ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለጸሎት አይደለም፣ ለፓርኪንጉ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፓርኪንግ ላይ ኮፈን የከፈተ ሰው ብቻውን አይቆምም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነጠላቸውን ወደ ኋላ የጣሉ ዘጠኝ ወንዶች ሞተሩ ላይ አጎንብሰው ነበር። ኤርፖርት ውስጥ ለአውሮፕላን ነዳጅ የሚሞላው ሰውዬ ነዳጁ ነው አለ። ቤት የሚሸጠው ሰውዬ መኪናዋን ትቶ የቤቴን ወለድ ጠየቀኝ። ጌታሁን አንድም ቀን ነድቷት ሳያውቅ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ታፍኗል አለና ማንም ሳይጠይቀው የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ። በመጨረሻ ከዘራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ሲያዩ የቆዩት ጋሽ በየነ፣ "ልጄ፣ በጣም ትፈጥናለህ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ እኔ የምነግርዎት እኮ መቆሟን ነው" አልኳቸው።

"ታዲያ የማትፈጥን ከሆነ ለምን ገዛሃት?" አሉኝ። ስለ ሻንጣው ልነግራቸው አስቤ፣ በዓመቱ መጨረሻ ልጃቸው ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ኮፈኑን ዘጋን።

ቀጥሎ ያሰብኩት ቪዲዮ ነው። ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ አጣብቄ በየቀኑ እየቀረፅኩ መሄድ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ምንም የለም። አንድ ሐሙስ ያቺው ቦታ፣ ያው ነገር፤ ጉልበቷን አጣች፣ ከኋላ ክላክስ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ጽሑፉ፣ ሁሉም ተሟልቶ። ደስታዬን አልነግራችሁም። ቤት እስክደርስ ሳልጠብቅ የነዳጅ ማደያ በር ላይ ቆሜ ቪዲዮውን ከፈትኩት። ስልኩ የቀረፀው ወደ እኔ ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ግንባሬ ይታያል፤ ከመሃል ላይ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ በስመ አብ የሚል ድምፅ ይሰማል። ቪዲዮውን ግን ለኬይላ ወሰድኩላት። እሷና ሁለት መካኒኮች በትዕግሥት እስከ መጨረሻው አዩት። አንደኛው መካኒክ የምናገረው በምን ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ደስ የሚል ቋንቋ ነው አለ።

የመጨረሻው ተስፋዬ የመኪናው ፋብሪካ የቅሬታ መስመር ነበር። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ካሰሙኝ በኋላ አንድ ትሑት ሰውዬ አነሳ። የደወልኩበትን ነገርኩት፤ ይህች መኪና ስድስት ጊዜ ገብታ ስድስት ጊዜ አልተሠራችም፣ ሰሚ አጥቻለሁ፣ መልሳችሁ ውሰዱልኝ አልኩት። ታግሦ ሰማኝ። ከዚያ ፋይሌን ከፍቶ የጻፍኩትን ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ አነበበልኝ። እግዚአብሔር ያክብራቸው። እንደ ቤተሰቤ ናቸው። የእነሱን ያህል የተንከባከበኝ የለም። በስድስተኛው ዙር የጻፍኩትን ረስቼው ነበር፤ ለካስ "ሌላ መኪና ብገዛም ከእናንተ ነው" ብያለሁ።

"ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ሲለኝ የለም አልኩት። ስልኩ እንደተዘጋ እሱን በተመለከተ መጠይቅ መጣልኝ። አሥር ሰጠሁት።

በዚያ ምሽት ሰናይትን መኪናዋን በሌላ ልቀይራት ነው አልኳት። "እሺ" አለች። ሲቆጨው ኖሮ አሁን አመነ የሚል እሺ ነው፤ እሺ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያገባ ሰው ያውቃል። ፕሌኖ ተመልሼ ከዚያ ፎቶ ሥር መቆም ስላልቻልኩ ኧርቪንግ የሚገኝ ሌላ ዲለር ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ሰናይትም፣ "የሚቀጥለውን የምመርጠው እኔ ነኝ" ብላ አብራኝ መጣች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ገና በጠዋቱ አስፋልቱ ይፋጃል። ለመጨረሻ ጊዜ 183 ገባን። ሰናይት ስለ ጎን ወንበር ስፋት እየነገረችኝ ነበር። ኧርቪንግ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን እግሬ ሥር ያለው ነገር ባዶ ሆነ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ፤ ከፍርሃቱ በፊት የመጣው ደስታ ነበር።

"ለምን ቀነስክ?" አለችኝ።

"አልቀነስኩም።"

"ንዳ እንጂ! ከኋላ መኪና አለ እኮ።"

"እየነዳሁ ነው፣ ሰናይት።"

ዞራ ከኋላችን የሚመጣውን አየች። ከዚያ ግራ እግሯን በማርሹ ላይ አሻግራ የእኔን ጫማ ከላይ እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠችው። ኢመርጀንሲ ውስጥ የሰው ደረት የምትጫን ሴት ናት፤ ጣቶቼ እስካሁን ያስታውሱታል። መኪናዋ ሃያ አምስት ማይል ላይ ናት። ሰናይት በሁለት እጇ በሩን ይዛ፣ እግሯ እግሬ ላይ እንዳለ፣ "ድንግል ማርያም" እያለች ዳር ያዝን። ከባዱ መኪና አልፎን ሲሄድ መኪናዋ ተወዛወዘች።

ቁጭ አልን። ጠበቅኩ። ስምንት ወር የጠበቅኩት ቃል አሁን ይመጣል ብዬ ወደ ፊት እያየሁ ጠበቅኩ። ሰናይት እግሯን መለሰች፣ ጫማዋን አስተካከለች፣ ላቧን ጠረገች። "አስነሳት" አለች። አስነሳኋት፤ ደህና ናት። "ዳር ዳሩን ሂድ" አለች። ሌላ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ለምኜ ያገኘሁት እምነት እንዲሆን አልፈለግኩም።

ዲለሩ ጋ የተቀበለን ዴል የሚባል፣ ቡትስ ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ገና ሳንቀመጥ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልን። መኪናዋን ይዞ ወጣ፣ ዞሮ ተመለሰ፣ እንዲህ ያለች ጤነኛ መኪና ካየ መሰንበቱን ነገረን። ከዚያ ታሪኳን ከኮምፒዩተሩ አውጥቶ ስድስቱንም ወረቀት ዘረጋ፤ ምንም የለባትም፣ ምንም የለባትም። ባለቤቷ እጅግ የረካ ደንበኛ መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። ያቀረበልን ዋጋ ከጠበቅነው በላይ ነበር። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ደንብ ስለሆነ ልጠይቅህ፣ የምታውቀው ችግር አላት አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ሰውየው ውሃ አምጥቶልኛል፣ ፈገግ ብሎ ያየኛል፣ እስክሪብቶውን ደግኖ ይጠብቃል። እውነቱን ልናገር ነው የተነሳሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን፣ ትንሽ፣ አንዳንዴ፣ ያን ያህልም አይደለም የሚል ነገር ነው። ለራሴ አፈርኩ። ያቺን መኪና ሌላ ሰው ልጆቹን ጭኖ ሊነዳት ይችላል፤ እኔ ግን የሰውየውን ፊት ማጨለም ከበደኝ።

ሰናይት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ባለቤቴ ጨዋ ስለሆነ አይነግርህም፣ እኔ ልንገርህ" አለችው በእንግሊዝኛ። "ይህች መኪና ሀይዌይ ላይ ሰው ትከዳለች። ዛሬ ጠዋት በራሴ እግር ረግጬ አይቻለሁ። እሱ ስምንት ወር ሙሉ እውነቱን ነበር የሚናገረው።"

ለእኔ አይደለም የተናገረችው፤ ለማናውቀው ሰው፣ በሰው ቋንቋ ነው። ቢሆንም ውሃውን አንስቼ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ዴል ፈገግታው አልጠፋም። ወረቀቶቹን በትሕትና ወደ እሷ ገፋ አደረገና፣ ስድስት ጊዜ በባለሙያ ታይታለች አላት። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ ሀይዌይ ላይ አንዳንዴ ትጨነቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። የሰናይትም ፊት ሲለወጥ እንዳወቀችው ገባኝ። ተነሳች፣ ቁልፉን አነሳች፣ ና አሳይሃለሁ አለችው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆዩ። በመስታወቱ ሲመለሱ አየኋቸው፤ እሱ ከፊት ፈገግ እያለ፣ እሷ ከኋላው ከንፈሯን ነክሳ።

"ምንም አልሆነችም" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት።

ባዶ ወረቀት ጠየቀችና በዚያ ለሐኪም በምትጽፍበት ጥርት ያለ እጅ ያየችውን በሙሉ ጻፈች፤ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ስንት ማይል ላይ እንደወረደች፣ እግሯን የት እንዳደረገች። ሁለታችንም ፈረምንበት። መካኒክ ፈትቶ ሳያያት ለማንም እንዳትሸጥ የሚል ከሥሩ ጨመረች። ዴል ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ወረቀቱን ከፋይሉ ጋር አያያዘው፣ ይህን ተጽፎ ካየሁ ፈትተን ማየት አለብን፣ ግዴታችን ነው አለ። ዋጋውን ግን አልነካም፤ ችግር እንደሚገኝባት አላመነማ። ሰናይት የሚሸጡትን መኪኖች ለማየት ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሚስቶች እንዲህ ያለ መኪና አይወዱም፣ ቤት ውስጥ ሰላም ይሻላል አለኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ውሃ ያመጣልኝ ሰው ነው። ቀኑን ሙሉ በትሕትና አስተናግዶኛል። እንደ ልማዴ ቢሆን ሳቅ ብዬ ልክ ነህ እለው ነበር።

"አይደለም" አልኩት። "ሚስቴ እውነቷን ነው።"

የመለሰልኝን አልሰማሁትም፤ እየወጣሁ ነበር።

የመረጠችው ግራጫ ቫን ነው፤ ስምንት ሰው ይይዛል፣ ስለ ኋላው ባናወራ ይሻላል። የነዳችው እሷ ናት። 183 ላይ በቀኝ መስመር ሄድን። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ "ትጨነቂያለሽ ወይ አለኝ እኮ" አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። "ወረቀቱን እያሳየኝ። እንደ እብድ ነው ያየኝ።" አዎ አልኳት። ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

"ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር የምትሆነው?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ይቅርታ አድርግልኝ። እኔ እንኳን ልሰማህ ይገባ ነበር።"

ምንም አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ነገር ያልኩት ቃል ነው። ዋጥኩት።

"ከብዶኝ ነበር" አልኳት።

ሞተሩን አጠፋችው፤ እጇንም እጄ ላይ አደረገች።